ለእማሆይ ቺንጋ ስንገዛ

እኔ የምለው፣ ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ኮፈኑ ገና ከመከፈቱ አንዱ ከዛፍ ጥላ ሥር ይነሳል። ሌላው ሻዩን አስቀምጦ ይመጣል። ወደ መስጊድ የሚሄደውም ቆም ይላል፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውም ነጠላውን ሰብሰብ አድርጎ አንገቱን ያስገባል። መሪ ጨብጦ የማያውቀው "ቤንዚኑ ነው" ይላል። ከባቡር በቀር ተሳፍሮ የማያውቀው ደግሞ "ኧረ አቦ፣ ዲናሞው ነው!" ብሎ ይከራከረዋል። ዝም የሚለው ባለመኪናው ብቻ ነው። ማን ያናግረዋል? ሰው ታሞ ተኝቶ እንኳ ይህን ያህል ጠያቂ አያገኝም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ቺንጋ ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ቺንጋ ያቺ ከሞተሩ ፊት ያለችው የላስቲክ ጠፍር ናት። ሞተሩ ሲዞር እሷን ያዞራታል፣ እሷ ደግሞ ማራገቢያውን፣ የውሃውን ፓምፕና ዲናሞውን ታዞራለች። አንዲት ቀጭን ላስቲክ! እሷ ከላላች ግን ያ ሁሉ ብረት እሳት ላይ እንደተረሳ ድስት ይፈላል። ታዲያ የእኔ ትዳር በዚህች ላስቲክ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ግድ የለም፣ አሁን አትመኑኝ። እስክጨርስ ጠብቁኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጣሊያን ከወጣ ቆየት ብሏል። መኪኖቹ ግን አልወጡም። አጎቴ ጋሽ በየነ ከእነዚያ ቀሪዎች አንዷን የጭነት መኪና እጁ አስገብቶ ከሐረር ድንችና ሽንኩርት ያመላልስባት ነበር። የሰፈሩ ሰው "እማሆይ" ይላታል። ቀስ ብላ ስለምትሄድና መንገዱን ሙሉ ስለምታጉተመትም ነው። ጋሽ በየነ ባለቤቷም ነጂዋም ሐኪሟም ነበር። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እኔንም ያሳደገኝ እሱ ነው። እማሆይንና እኔን በአንድ ዓይን ነበር የሚያየን። አንዳንዴ እሷን አስበልጦ።

ያን ጊዜ እኔ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ክፍል የምሠራ ጎረምሳ ነበርኩ። ፀዳለ የምትባል የሐረር ልጅ ድሬ አክስቷ ዘንድ መጥታ አየኋትና አበቃልኝ። ሽማግሌ ላክሁ። የፀዳለ አባት ባሻ ወልዴ ይባላሉ፣ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ሰዓት ከኪሳቸው አይለይም፣ ቀጠሮ ያፈረሰ ሰው ደግሞ ከደጃቸው አይደርስም። የታላቋን ልጃቸውን እጮኛ እንኳ ለአንዲት ቀጠሮ ዘግይቶ "ሂድ፣ ለሰዓትህ ታማኝ ያልሆንክ ለልጄም አትሆንም" ብለው መልሰውታል። በእኔ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረብኝ፤ የድሬ ሰው ነኛ! "የድሬ ሰው ቀን ይተኛል፣ የቆላ ሙቀት አስንፎታል" አሉ አሉ። እንተኛለን እኮ! በቀትር ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ውሻው እንኳ አይጮህም። ያንን ሙቀት እሳቸው መጥተው ይቅመሱትና ይፍረዱ።

ብቻ ከብዙ ልመና በኋላ እሺ አሉ። ቃላቸው ግን የወታደር ቃል ነበር። "እሁድ ከቀትር በፊት ደጄ ላይ ካየኋችሁ ልጄን ትወስዳላችሁ። ቀትር ካለፈ ግን ልጄም ቤቷ ናት፣ ድግሱንም ለጎረቤቶቼ አበላዋለሁ" ብለው ሽማግሌዎቹን አሰናበቱ። የታላቋ ልጅ እጮኛ ታሪክ ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ይሄ ሰውዬ ያሉትን ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ቺንጋው። የሠርጉ ሳምንት ገባና እማሆይ ትጮህ ጀመር። ሞተሯ በተነሳ ቁጥር ሲ... ጥ! የሚል ድምፅ። ሰፈሩ ሁሉ እየወጣ ያያል። ጋሽ በየነ ኮፈኗን ቢከፍት ቺንጋዋ ጠርዟ ተልጦ፣ ተሰነጣጥቃ፣ ልትበጠስ አንድ ሐሙስ ቀርቷታል። "በምትጮህ መኪና ሙሽራ አይመጣም" አለና ፈትቶ አወጣት። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? አንገቱ ላይ እንደ ሻርፕ ጠምጥሟት ገበያ ወጣ። ያን ጊዜ የመኪና ዕቃ የሚገዛው እንዲህ ነው፤ አሮጌውን ይዘህ ትሄዳለህ፣ "የዚህን እኩያ ስጠኝ" ትላለህ። እኔም ተከተልኩት፤ ትዳሬ አይደል?

መጋላ ገበያ ውስጥ ያልገባንበት ሱቅ የለም። አንዱ ሰፊ ያወጣል፣ ሌላው ጠባብ። ሰፊው ቺንጋዋ ከምትገባበት የመዘውር ቦይ በላይ ይንሳፈፋል፣ ጠባቡ ቦዩ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ጋሽ በየነ እያንዳንዱን ያሸታል፣ ይጎትታል፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ያጥፈዋል። አንዲት አትክልት የምትሸጥ የሱማሌ ሴት ከሩቅ ስታየው እባብ የጠመጠመ መስሏት "ወርያ!" ብላ ጮኸች። ጋሽ በየነ ለራሱ ሚስት ሲመርጥ እንዲህ አልተጠነቀቀም። ይህን ያለችው ሚስቱ ናት፣ እኔ የለሁበትም።

በመጨረሻ ከዚራ ሰፈር ሙሴ ያኒ ዘንድ ደረስን። ሙሴ ያኒ የግሪክ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ከመርፌ እስከ ሞተር ሁሉ አለ። አሮጌዋን ተቀበለና ካንዲት አዲስ ጋር ጎን ለጎን ሰቀላቸው። ወርዳቸው እኩል ነው። አዲሷ ግን በአውራ ጣት ያህል ታጥራለች። ሙሴ ያኒ "ይቺ ናት ልኳ" አለ። ጋሽ በየነ ጭራሽ አለ። ሙሴ ያኒ ታግሶ አስረዳው። ላስቲክ ሲሠራ ይለጠጣል፣ አሮጌዋ የረዘመችው አርጅታ ነው፣ አዲሷ ስትገባ ዲናሞውን ወደ ውጭ ስበህ ትወጥራታለህ፣ በአውራ ጣትህ ስትጫናት ትንሽ ብቻ ጎንበስ ካለች ደህና ናት። እኔ ተዋጠልኝ። ጋሽ በየነ ግን ዓይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ ከተደረደሩት ውስጥ ካሮጌዋም የምትረዝም አንዲት አየ። ዋጋዋን ጠየቀ። ዋጋቸው አንድ ነው። በቃ፣ እዚያ ላይ ነገሩ አለቀ።

ለምን መሰላችሁ? ጋሽ በየነ ልጅ አሳዳጊ ነዋ! እኛ ቤት በልክ የሚገዛ ነገር ኖሮ አያውቅም። ኮቱ እጅጌው ታጥፎ ነው የሚለበስ። ጫማ ሲገዛ ጥጥ አብሮ ይገዛል፤ ጥጡ አፍንጫው ላይ ይወተፋል፣ እግርህ ባደገ ቁጥር ጥጡ ይቀነሳል። "ያድግበታል" ነው ነገሩ። የእናንተም ቤት እንደዚሁ ነበር፣ አትሳቁ። ለሠርጌ እንኳ ጥቁር ጫማ ሲገዛልኝ ጥጡን አልረሳም። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ከእንግዲህ ወዴት ነው የማድገው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ትዳር እግር ያሰፋል" አለኝ። ያንኑ ፍልስፍና ይዞ ሙሴ ያኒ ፊት ቆመ። ለትንሹም ለትልቁም አንድ ዋጋ ከከፈልኩ ትንሹን የምገዛ ምን ሞኝ አደረገኝ ይላል። ሙሴ ያኒ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። "በየነ፣ መኪናዋ እኮ አሮጊት ናት፣ አታድግም!" አለው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ረጅሙን ቺንጋ ገዛን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስገባው። ዲናሞው የሚንሸራተትበት ብረት ላይ ሞላላ ቀዳዳ አለ፣ ቡሎኑ እዚያ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጋሽ በየነ ዲናሞውን እየሳበ ቡሎኑን እስከ ቀዳዳው ጫፍ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ቺንጋውን በጣቱ ቢጫነው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ሰመጠ። "ጋሼ ላልቷል" አልኩ። "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሞቅ ይሰበሰባል" አለኝ። ቆዳ መሰለው እንዴ! ሞተሩን ቢያስነሳው ግን ጭጭ። ከተማውን ዞርን፣ ድምፅ የለም። ሜዳ ላይ ማን ይጮሃል? ጋሽ በየነ ደረቱን ነፋ። አሮጌዋን ቺንጋ ያንኑ ዕለት የፍየል ማሰሪያ አደረጋት።

እሁድ በጠዋት ወጣን። ጥር ነው፣ አየሩ ደስ ይላል። እኔ ከጋሽ በየነ ጎን ጋቢና ውስጥ ነኝ። በመሃላችን አብዲ፣ ሚዜዬ፣ የመጋላ ጨርቅ ሻጭ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ተቀምጧል። አጃቢው ከኋላ ተጭኗል። ከበሮ ነው፣ ጭብጨባ ነው፣ እልልታ ነው። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይቀበላሉ፣ በሱማሌኛ ይጨርሳሉ። ድሬ ነዋ! ሰዓታችንም ገና ነበር። እንዲያውም አብዲ "አቦ፣ ባሻ ቁርስ ላይ እንዳንደርስባቸው" ብሎ ሁሉ ቀልዶ ነበር።

ከዚያ ደንገጎ መጣ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከቆላው ተነስቶ እየተጠማዘዘ፣ እየተጠማዘዘ ደጋ የሚያወጣ ዳገት ነው። እማሆይ ሁለተኛውን ጥምዝ እንደያዘች አንድ ነገር ሸተተን። ጎማ የሚያርር ይመስላል። ቀጥሎ ያ ጩኸት፤ አሮጌዋ ከጮኸችው የባሰ! ጋሽ በየነ መንገዱን እያየ "ምንም አይደለም" አለ። ምንም አይደለም እያለ ራዲያተሩ ገነፈለና መስታወቱ በእንፋሎት ጠፋ። ቆምን።

ኮፈኑ ተከፈተ። እንግዲህ ከኋላ ያለው አጃቢ ሁሉ የድሬ ሰው ነው፤ ዘሎ ወረደ። አንዱ ቤንዚኑ ነው አለ። አንዱ ዲናሞው ነው አለ። ከበሮ መቺው ሳይቀር ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጣለ። ቺንጋው መላላቱን ማንም ያየዋል፣ ግን ማን ያንን ይላል? ሲሉ ሲሉ ግን ገባቸውና ሁሉም በጋሽ በየነ ላይ ዞረ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። "ማን ረጅም ግዛ አለህ?" ይለዋል፣ አንድ ቀን ቺንጋ ገዝቶ የማያውቅ ሁሉ። እሱም ላብ በላብ ሆኖ ራዲያተሩን ያራግባል።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን፣ ውሃ ሞላን፣ ተነሳን። አንድ ጥምዝ ሄደን ገነፈለ። ደግሞ ጠበቅን፣ ደግሞ ሞላን። አጃቢው ወርዶ በእግሩ እየገፋ ይዘፍናል። መጀመሪያ እየሳቁ ነበር፣ ኋላ መዝፈኑም ቀረ። ፀሐይዋ ደግሞ ቸኩላለች፤ የዚያን ቀን የሮጠችውን ሩጫ መቼም አልረሳውም። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፀዳለን አጣኋት አልኩ። ባሻ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ከኪስ ሲያወጡ፣ ሲመልሱ፣ "ዝጉት" ሲሉ ታየኝ። አላፍርም፣ እንባዬ መጣ።

አብዲ ይህን ሲያይ ኮቱን አውልቆ ሞተሩ ውስጥ ገባ። ጨርቅ ሻጭ ነው እኮ! "ወላሂ እኔ መኪና አላውቅም" አለ። "ግን ጨርቅ ከላላ ትወጥረዋለህ፣ ወይም ከታች የሆነ ነገር ትወትፍበታለህ።" ጋሽ በየነ ቀና አለ። ቡሎኑን ከቀዳዳው ጨርሰው አወጡና ዲናሞውን ወደ ውጭ ገፍተው ከሞተሩ ጋር ባለው ክፍተት መሃል እንጨት ወተፉ። እንጨቱ ተሰበረ። ድንጋይ ወተፉ። ድንጋዩ ተንሸራቶ ወደቀ፣ የአብዲንም ጣት ላጠ። ደረቅ ነገር ይሰበራል፣ ለስላሳ ነገር ይጨፈለቃል። ደረቅም ለስላሳም የሆነ ነገር ከየት ይምጣ? ይህን ጊዜ የጋሽ በየነ ዓይን እግሬ ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ እባክህ" አልኩ።

"ሙሽሪትን ትፈልጋለህ ወይስ ጫማውን?" አለኝ።

አወለቅሁ። ጥጥ የተወተፈበት አዲስ ጥቁር ጫማ በተረከዙ ወደ ሞተሩ፣ በአፍንጫው ወደ ዲናሞው ገባ። በሽንኩርት ጆንያ ገመድ ጠፍረው አሰሩት። ልክክ! ልኬ ያልነበረ ጫማ ልኩን ያገኘው ያን ቀን ነው። ቺንጋው እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ሞተሩ ተነሳ፣ ማራገቢያው ነፋስ ሰጠ፣ ጩኸቱም ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ያ ግን እስከ ሐረር አልተፈታም። አጃቢው እልል አለና ተጫነ። የደንገጎን ቀሪ ዳገት፣ የዓለማያን ሜዳ፣ አወዳይን አለፍን። እኔ ባንድ እግሬ ካልሲ ብቻ ነኝ፣ ግን መኪናዋ ትሄዳለች። ትሄዳለች! ከዚያ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ?

ሰዓቱ ግን ሄዷል። ሐረር ስንደርስ ጥላችን በሌላው ጎን ወድቋል። ቀትር ካለፈ ቆይቷል ማለት ነው። ወደ ባሻ ሰፈር ስንታጠፍ ዘፈን የለም። ከበሮ የለም። የሠርግ ቤት እንዲህ ጸጥ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሽ በየነ ሞተሩን አጠፋና "አይዞህ" አለኝ። ወርደን ወደ በሩ ሄድን። በሩ ተዘግቷል። አበቃ አልኩ።

በሩ ተከፈተና ባሻ ወልዴ ብቅ አሉ። የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ግን ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ጫማቸው ጭቃ ነው። ጺማቸው ላይ የደረቀ ቅጠል ተሰክቷል። ያለከልካሉ። እሳቸው ወደ ታች አዩና የእኔን ካልሲ አገኙ። እኔ ወደ ታች አየሁና የእሳቸውን ጭቃ አገኘሁ። ቀና ስንል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እሳቸውም አልጠየቁ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ባሻ ሰዓታቸውን ከኪስ አወጡ፣ አዩት፣ ጎርሰው እንደሚውጡት ሁሉ ፈጠን ብለው መለሱት።

"በሰዓታችሁ ናችሁ" አሉ። "እንዲህ ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ደስ ይለኛል። ግቡ።"

ሽማግሌዎቻችን እርስ በርስ ተያዩ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላ እኮ ነው። አብዲ ጆሮዬ ሥር "ወላሂ፣ የሐረር ቀትር ይቆያል" አለኝ። እፎይ! እንደዚያ ቀን እፎይ ያልኩበት ቀን የለም። ወዲያው ከበሮው ተመታ፣ ቆየት ብሎ ትኩስ ሥጋ መጣ፣ ለሙስሊሞቹ እንግዶች ለብቻ የታረደውም ቀረበ፣ ጋሽ በየነም ከባሻ ጋር ሲሳሳቅ ዋለ። ፀዳለን በዚያችው ጫማዬን በዋጠች መኪና ድሬ አስገባኋት።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከሠርጉ በኋላ ነው። አንድ ቀን ፀዳለ በሳቅ ልትፈርስ እየደረሰች ነገረችኝ። ባሻ ትኩስ ሥጋ ካልሆነ አይሆንም ብለው በሬውን ለጠዋት አቆይተውት ነበር። በሬው ደግሞ ቢላዋ ሲሳል ሰማ መሰል ገመዱን በጥሶ ከከተማው በላይ ወዳለው ሐኪም ተራራ ነካው። ባሻ፣ ወንድሞቻቸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ በክት ልብሳቸው ተከተሉት። በየመስኖው፣ በየጫት ማሳው ሲያባርሩት አረፈዱ። ይዘውት የመጡት ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። እኛ በሰዓቱ ደርሰን፣ ያ ሁሉ የድሬ ሰው ከመኪና ላይ ቆሞ፣ ባሻ ከበሬ ኋላ ሲሮጡ ቢያያቸውስ? ፀዳለ አባቷን ታውቃለች። እሳቸው ከሚያፍሩ መቆጣት ይመርጣሉ። ሰበብ ፈልገው ሁላችንንም ያባርሩን ነበር።

ታዲያ ምን ልበላችሁ? ቺንጋ ስትገዙ ልኩን ግዙ ብዬ መምከር ነበረብኝ። እንዴት ብዬ? ሙሴ ያኒን ሰምተን ቢሆን ኖሮ እኮ ዛሬ ላጤ ነበርኩ!

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት እኔ ደንገጎ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ "የቁልቢው ገብርኤል፣ ከቀትር በፊት አድርሰኝና ጃንጥላ አገባለሁ" እያልኩ እሳላለሁ። በዚያችው ሰዓት ሐረር ላይ ፀዳለ ጓዳ ገብታ፣ በሩን ቆልፋ፣ "የቁልቢው ገብርኤል፣ መኪናቸውን መንገድ ላይ አቁምልኝና ጃንጥላ አገባለሁ" እያለች ትሳላለች። የማን እንደደረሰ አያችሁ። የእኔ ስላልደረሰ የእኔ ጃንጥላ ቀረ። እሷ ግን በበዓሉ ቀን የእሷን አገባች፤ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ እኔ ከኋላ ተሸክሜላት።

ከዚያ ወዲህ ስለት የምሳለው መጀመሪያ እሷ ምን እንደተሳለች ጠይቄ ነው።